መስኮቱ ክፍት ሆኖ የተለካው አየር

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ግድግዳውን ነው የሚደገፉት ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ከዘራ መያዝ ጀመሩ? እማዬስ ደህና ናት? የግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ታሳልፈዋለች? የአክስቴ ጆሮ ተሻለው? ጣራውስ ከዝናቡ በፊት ተጠገነ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። የምኖርባት ክፍል ጠባብ ብትሆንም ፀሐይ ታገኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ አልጋዬ ድረስ ትመጣለች።

ይህንን ደብዳቤ የምታነብልዎ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አሰልቺ ነው ያለችውን መስመር እየዘለለች እንደምታነብም አውቃለሁ፤ ባለፈው ስለ አውቶቡሱ የጻፍኩትን ሙሉ ገጽ እንዳልሰሙት ከመልስዎ ገብቶኛል። የዛሬውን አደራ እንዳትዘል። አሰልቺ የሚመስለው ቦታ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው።

በደብዳቤዎ ላይ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ስለ ሥራዬ ቢጠይቅዎ «መሐንዲስ ናት» እንዳሉት፣ እማዬ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ኧረ ወለል ነው የምታሸተው» እንዳለች ጽፈውልኛል። ብቻዬን ሳቅሁ። እውነቱ ግን ሁለታችሁም ካላችሁት የተለየ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የመሐንዲስ ረዳት ነኝ። ወለልም አላሸትም፤ እኛ የምንፈልገው ነገር በአፍንጫ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ እኛን የሚቀጥረን አይኖርም ነበር። አርባ ዓመት ሊሾ ላፈሰሰ ሰው ስለ ወለል ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም ይስሙኝ።

ልብስ ያለ ውሃ የሚታጠብበት ፈሳሽ አለ። ሱፍና ካፖርት በእሱ ነው የሚጸዳው። በዱሮ ጊዜ ላውንደሪዎች የተጠቀሙበትን ፈሳሽ ጓሮ ይደፉት ነበር፤ ከማሽኑም ሥር ይንጠባጠባል። ያ ፈሳሽ አርማታውን ሰርጎ አፈር ውስጥ ይገባና ዓመታት ይቀመጣል። ላውንደሪው ይዘጋል፣ ባለቤቱ ይሞታል፣ ቤቱ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ፈሳሹ ግን ከታች አለ። ቀስ በቀስ እየተነነ ወደ ላይ ይመለሳል። የእርስዎ እጅ ያለሰለሰው ሊሾ እንኳ ግድግዳው ጋ ሲደርስ የፀጉር ያህል ክፍተት አለው። ተኑ የሚገባው በዚያ ነው። ቅዝቃዜ ሲመጣ ደግሞ ሰው መስኮት ዘግቶ ማሞቂያ ያበራል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ ከሥሩ ያለውን ይስባል። አንድ ቀን ቢተነፍሱት ምንም አይሉም። ለዓመታት ቢተነፍሱት ግን ጉበትና ኩላሊት ላይ ይሠራል፤ ከዚያም የባሰ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

የእኛ ሥራ ወለሉን በአውራ ጣት ልክ በስተን ከሥሩ ያለውን አየር መቅዳት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውንም መቅዳትና ሁለቱን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። አየሩን የምንቀዳበት ዕቃ የእግር ኳስ የሚያህል ክብ የብረት ጣሳ ነው። ውስጡ ያለው አየር አስቀድሞ ስለተመጠጠ፣ አፉ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሲከፈት የክፍሉን አየር ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይስባል። በሥራው ላይ ሦስት ነን። አለቃችን መሐንዲሱ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። ጥርጣሬ ባላቸው ቁጥር «ድገሙት» ስለሚሉ ከኋላቸው «ድገሙት» ብለን ነው የምንጠራቸው፤ የሚያውቁ ይመስለኛል። ሁለተኛው ወለሉን የሚበሳው ነው፤ ቀዳጁ እንለዋለን። ከዚህ በፊት የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ብዙ አያወራም፣ ያየውን ግን አይረሳም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ጣሳውን አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ ቅጹን ሞልቼ እፈርማለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ምድር ቤት ላይ ነው። ዳይሬክተሯ ዱሮ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። እዚያ ከሚውሉት ልጆች ግማሹን ራሳቸው እንዳዋለዷቸው ይናገራሉ፤ ያጋንናሉ ብዬ ነበር፣ አያጋንኑም። አጠገባቸው ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ጨዋታ ሲያነሳ «ይሄ ቤት እኮ ከሃያ ዓመት በፊት ላውንደሪ ነበር» ይላቸዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ወደ እኛ ደወሉ። ይህንን ልብ ይበሉልኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ ዝም ይላል፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ናቸው ኑና ለኩልኝ ያሉት።

የሄድነው በሙቀቱ ወራት ነው። ቀዳጁ ሦስት ቦታ በሳ፤ በመጫወቻው ክፍል፣ በኮሪደሩና ልጆቹ ቀን በሚተኙበት ክፍል። የክፍሉን አየር ከመቅዳታችን በፊት ሙጫውን፣ ቀለሙንና የወለል ማጽጃውን ከቤት አስወጣን፤ እነሱም የየራሳቸው ተን ስላላቸው ውጤቱን ያበላሹታል። ከዚያ ጣሳዎቹን ልጆቹ በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ለአስተማሪዋ መስኮትና በር እንደተዘጋ እንዲቆይ ነግሬ ሄድኩ። በማግሥቱ ልሰበስብ ስመለስ የመኝታ ክፍሉ መስኮት አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ አገኘሁት። አስተማሪዋ «ልጆቹ አላባቸው፤ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ትንሽ ገርበብ አድርጌው ነው» አለችኝ።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ መስኮት ከተከፈተ ልኬቱ ይጣላል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ያን ጊዜ በሳምንት ውስጥ አምስት ሥራ ነበረብን። አለቃዬ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ድገሙት ብለውኝ ደክሞኝ ነበር። አንድ ስንዝር ምን ያመጣል ብዬ አሰብኩ። ቅጹ ላይ «መስኮት» የሚል መስመር አለ። አጠገቡ «ዝግ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ከወለሉ ሥር ያለው ቁጥር ከፍ ያለ ነበር፤ የክፍሉ አየር ግን ከተፈቀደው በታች ሆነ። ሁለቱ ሲለያዩ የሚወስነው የክፍሉ አየር ነው፣ ሰው የሚተነፍሰው እሱን ነውና። አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መስኮቱ ዝግ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ዝግ ነበር» አልኳቸው። ዳይሬክተሯ የላክንላቸውን ደብዳቤ በመስታወት ከፈፍ አስገብተው መግቢያው በር አጠገብ፣ ልጆቹ ካፖርት ከሚሰቅሉበት መስቀያ በላይ ሰቀሉት። ወላጅ ሁሉ ሲገባ ሲወጣ ያነበዋል። ከታች ስሜ አለ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ተኩል አለፈ። በእውነት ልንገርዎ፣ በየቀኑ አላስጨነቀኝም። አንዳንዴ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ይመጣና ይረሳል። ቅዝቃዜው ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከቀዳጁ ጋር በመኪና ስንሄድ በዚያ መንገድ አለፍን። የመዋዕለ ሕፃናቱ መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው በላብ ደፍርሰዋል። አንድ ልጅ ከውስጥ ሆኖ በጣቱ መስታወቱ ላይ ክብ ይሥላል። ቀዳጁ መሪውን እንደያዘ «እዚህ ቤት ጣሳውን ስናነሳ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ አይደል?» አለኝ። የክስ ድምፅ አልነበረውም፤ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው። «ነበር» አልኩት። ማርሽ ቀይሮ ወደ ቢሮ ነዳ። 

እንደደረስን ካፖርቴን ሳላወልቅ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና እንደነበረው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር። «ስንት ልጅ ነው እዚያ ክፍል የሚተኛው?» አሉ። ሃያ ሁለት አልኳቸው። «ድገሙት» አሉ። ይህቺ ቃል እንደዚያን ቀን ከብዳኝ አታውቅም።

ለዳይሬክተሯ ያኔውኑ በስልክ ነገርኳቸው፤ ልኬቱ ትክክል እንዳልነበረና ውጤቱ እስኪታወቅ ልጆቹ በዚያ ክፍል ባይተኙ እንደሚሻል። «እሺ» ብቻ አሉኝ። ልጆቹን ወደ መጫወቻው ክፍል አዛወሯቸው። እኛ ዓርብ ዕለት ሄደን ቅዳሜና እሁድን ሁሉንም ዘግተን፣ ማሞቂያውን አብርተን ለካን። ላቦራቶሪው ቅድሚያ ሰጥቶን በአምስት ቀን መለሰልን። የመኝታ ክፍሉ አየር ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። መጫወቻው ክፍል ከተፈቀደው መስመር በታች ነው፣ ለጥቂት።

ለምን የመኝታ ክፍሉ ብቻ? እዚህ ላይ ነው እርስዎን ያስታወስኩት። ፍራሽ የሚደረደርበትን ቁም ሣጥን ገፋ አድርገን፣ የፕላስቲክ ምንጣፉን ገልጠን ወለሉን በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳሁት፤ ልጅ ሳለሁ ሊሾው መያዙን ለማወቅ ተንበርክከው እንደሚያንኳኩት። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ድምፁ ባዶ ሆነ። ስንከፍተው የላውንደሪው ማሽን የፍሳሽ ቱቦ ያለፈበት ቦይ ነው። ቱቦውን ነቅለው ቦዩን በፍርስራሽና በጋዜጣ ሞልተውታል፣ ላዩን በሁለት ጣት ሲሚንቶ ለብጠውታል። እርስዎ ቢያዩት ሠሪውን ሳይሰድቡ አይወጡም ነበር። ተኑ የሚወጣበት ሰፊ ጎዳና ማለት ነው።

ውጤቱን ለዳይሬክተሯ ማን ይንገር ሲባል እኔ ልሂድ አልኩ። አለቃዬ አብረውኝ መጡ፤ ግን በሩ አጠገብ ቆሙና እንድናገር ተዉኝ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መግቢያው ሄዱ፣ ከፈፉን ከግድግዳው አወረዱ፣ ወረቀቱን አውጥተው ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ክፍት መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል?» አሉኝ። «አይቻለሁ» አልኩ። «አይታ ዝግ ያለችኝን ሰው ወረቀት ነው ለወላጆቹ ስሰብክበት የከረምኩት» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ። እሳቸውም «አዎን» አሉ። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ለወላጆቹም አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። በእኔ አፍ አይነገርም።»

ስብሰባው በማግሥቱ ሥራ መውጫ ላይ ሆነ። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ወላጆቹ በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ጋ አድርገው ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። ተነሥቼ ነገርኳቸው፤ ላውንደሪውን፣ ፈሳሹን፣ መስኮቱን፣ ቅጹን። «ዝግ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ነበር የመጣችው። «ልጄ እዚህ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ይተኛል። አሁን ምን ይሆንብኛል?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። የተፈቀደው ልክ የወጣው ዓመታት ለሚተነፍስ ሰው ተብሎ እንደሆነ፣ ሦስት ወር ተኩል ከዚያ ጋር ሲተያይ አጭር እንደሆነ፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው ብለን እንደምናስብ። «ምንም አይሆንም ልትይኝ ትችያለሽ?» አለች። «አልችልም» አልኳት። ልጇን ይዛ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት በዚያ ሳምንት ሰባት ልጆች ወጥተዋል።

አንድ ሽማግሌ አያት ከኋላ ሆነው እጃቸውን አነሱ። ይቆጡኛል ስል «ሰኞ ልጆቹ የት ይውላሉ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ሰኞ ሆነ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ከሱቁ በላይ ያለውን ሰፊ ክፍል እንደሚለቅ ተናገረ፤ «መጀመሪያ የነገርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ሸክሙም የእኔ ነው» አለ። ሌላው ምንጣፍ፣ ሌላው መኪና አለኝ አለ። እኔን የሚያየኝ ጠፋ። በዚያ ሰዓት ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነበር።

ጥገናው አራት ሳምንት ፈጀ። ዘዴው ቀላል ነው። ወለሉን በስተው ቱቦ ያስገባሉ፤ ቱቦው በግድግዳው በኩል ወጥቶ ከጣራ በላይ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ቀንና ሌሊት የሚዞር ፋን ይገጠማል። ፋኑ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር እየሳበ ሰማይ ላይ ይበትነዋል። ወደ ክፍሉ ይገባ የነበረው መንገዱን ይቀይራል ማለት ነው። ስንጥቆቹ ሁሉ ይታሸጋሉ። ቦዩን የሞላሁት ራሴ ነኝ። ግንበኛ ልንቀጥር ነበር፤ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ጋዜጣውን ለቅሜ፣ ፍርስራሹን አውጥቼ፣ ጠጠር አንጥፌ፣ ከጠጠሩ በላይ ወፍራም ፕላስቲክ ዘርግቼ አርማታ ሞላሁ። በማግሥቱ ሊሾውን አፈሰስኩት። የግንበኛ ማንኪያውን እንዴት እንደሚያጋድሉት፣ ውሃው ሲመጠጥ ምን ያህል እንደሚጠብቁ እጄ አልረሳውም። የእርስዎን ያህል አልለሰለሰም። በግራ ማዕዘኑ በኩል ትንሽ ሞገድ አለው፤ ውሃ ልክ ሳስቀምጥበት አረፋዋ አንድ ጭረት ትሸሻለች። አፍርሼ ልድገመው ብዬ ቀዳጁን ብጠይቀው «ተይው፣ ምንጣፍ ይለብሳል» አለኝ። አፈረስኩትና ደገምኩት። ሞገዱ ቀነሰ፣ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ለካን። መስኮቱን በማሸጊያ ፕላስተር አሽገን፣ እኔም ቀዳጁም አለቃችንም እየተፈራረምን። ሦስቱም ጊዜ ከመስመሩ በጣም በታች ሆነ። አለቃዬ አንድ ጊዜ እንኳ ድገሙት አላሉም፤ ሦስት ጊዜ እንዲለካ አስቀድመው አዘው ስለነበር ይሆናል።

እኔ ላይ ስለሆነው ለመንገር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ለስድስት ወር ቅጽ ላይ አልፈርምም፤ ጣሳ እሸከማለሁ፣ ቱቦ አጥባለሁ፣ ቀዳጁ ይፈርማል። ተገቢ ነው። ለእማዬ በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» ያልኳት በዚህ መሀል ነበር፤ ሁለተኛ «ዝግ» እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው አሁን የምጽፍልዎ።

ልጆቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከወጡት ሰባት አራቱ መጥተዋል፤ ልጇን ታቅፋ የወጣችው እናት አልመጣችም። ዳይሬክተሯ ለብዙ ሳምንት ሰላምታዬን ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የሚመልሱት። ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ደውለው አለቃዬን አነጋገሩ። ቱቦው ላይ ቀይ ፈሳሽ ያለባት ሁለት ክንድ ያላት ትንሽ የመስታወት ቱቦ ተገጥማለች፤ ፈሳሹ በአንድ ወገን ከፍ ካለ ፋኑ እየሳበ ነው፣ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ቆሟል። በየወሩ አንድ ሰው ሄዶ ማየት አለበት። ዳይሬክተሯ ያ ሰው እኔ እንድሆን ነው የጠየቁት። «ይቅር ብያት አይደለም» ብለዋቸዋል፣ «እሷ ግን ሁለተኛ አታሳስትም።» መፈረም እንደማልችል አለቃዬ ቢነግሯቸው «እሷ ትየው፤ እኔ እፈርማለሁ» አሏቸው።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ እሄዳለሁ። የምደርሰው ልጆቹ በሚተኙበት ሰዓት ስለሆነ ደወል ስደውል ሁለት ሦስቱ ይነቁና አስተማሪዋ ፊቷን ታጠቁርብኛለች። ባለፈው ወር ቀዩን ፈሳሽ አይቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ ዳይሬክተሯ ፈርመውልኝ ልወጣ ስል ቆይ አሉኝ። ከመሳቢያቸው የጓሮውን በር ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። «ከእንግዲህ አትደውይ፤ ልጆቹን ትቀሰቅሻለሽ» አሉ፤ ወዲያውም ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

አባቴ፣ ስለዚህ ነገር እርስዎ የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ። ለእኔ ብለው አያለስልሱት። እህቴ ስትጽፍልዎ ቃልዎን እንዳትቀይር ይቆጣጠሯት።

እማዬን እጇን ሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን አትዝለል። አክስቴን ሰላም በሉልኝ፤ በጤነኛው ጆሮዋ በኩል። እህቴ ሆይ፣ ሳትዘልዪ እዚህ ከደረስሽ እግዜር ይስጥሽ፤ ናፍቀሽኛል። ባልሽንና ሕፃኑን ሳሚልኝ፤ ሕፃኑ ጥርስ ማብቀሉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለጎረቤታችን ለጡረተኛው ሹፌር ሰላምታዬን አቅርቡና ሥራዬን በትክክል ንገሩት። እርስዎንም ጉልበትዎን አክብሬ እሰናበትዎታለሁ። ከዘራውን ይያዙ።

ልጅዎ

ከምኖርባት ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ግንቦት 4 ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ